ታብሌቱ ያልሰማው ጣት

“የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጣችሁልኝ!”

ታብሌቱን ባንኮኒው ላይ ጣል ሲያደርገው ልቤ ቀጥ አለ…

ለምን ብትሉ፣ የሸጥኩለት እኔ ነኛ! ከሁለት ሳምንት በፊት።

(አዎ ቤተሰቦች፣ የዚህ ፔጅ አድሚን እንጀራው ታብሌት መሸጥ ነው… አታጋልጡኝ።)

ልጁ ሸሚዙን የተኮሰ፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት መሐንዲስ ነው። ከኋላው አንድ አዛውንት ቆመዋል… አባቱ። ሠላሳ አምስት ዓመት ድንጋይና ሲሚንቶ ያገላበጡ የግንበኞች አለቃ።

ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ኩባንያ ውስጥ ነው። ኩባንያው ደግሞ አዲስ መመሪያ አውጥቷል። ከሰኞ ጀምሮ የሕንፃ ንድፍ በወረቀት አይሰጥም፣ በታብሌት ብቻ ነው። ታብሌት መጠቀም ያልቻለ አለቃ ከቦታው ይነሳል።

ይሄ ሁሉ የሆነው ቅዳሜ ነው እንግዲህ…

ታብሌቱን አነሳሁና ነካካሁት። አሪፍ አድርጎ ይሠራል!

“ወንድሜ፣ ብልሽቱ ምኑ ላይ ነው?”

ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ለእኔም ይሠራል… ለአባዬ ነው እምቢ የሚለው። ቀስ አድርገህ ንካው ብዬ መቶ ጊዜ አሳየሁት። አይገባውም! ሰኞ ሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው።”

አባትየው ሰምተዋል። ኮፍያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

“እውነቱን ነው” አሉ። “ጊዜዬ አልፏል መሰለኝ። ቦታውን ለወጣት ይስጡት።”

አንጀቴን በሉት…

በዚህ መሃል ሁሉን ስትሰማ የነበረችው ባለሱቋ ከውስጥ ወጣች። እኛ ሠራተኞቹ በሌለችበት “መርማሪዋ” ነው የምንላት። ሳትመረምር አትሸጥማ! ለማን ነው? የት ነው የሚሠራበት? አንድ ተማሪ ውዱን ሲጠይቃት “ለማንበብ ከሆነ ርካሹ ይበቃሃል፣ በተረፈው ጫማ ግዛ” ብላ የምትመልስ ሴት ናት። እንዴት እንዳልከሰረች አንድዬ ይወቅ!

“ይሄን ለግንበኛ ነው የሸጥከው?” ብላ አፈጠጠችብኝ።

“ምርጡን አምጣ አለኝ… ሰጠሁት።”

“ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ምርጡን በምን አወቅኸው? ስንቴ ልንገርህ!”

ኩምሽሽ አልኩ።

ከዛ ወደ አዛውንቱ ዞረች። “አባቴ፣ እስቲ እጅዎን ይስጡኝ።”

እጃቸውን ኮታቸው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርገው ሰጧት። የጣቶቻቸውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ልጁንም ጠራችው።

“ና አንተም ንካው።”

ነካው… ወፍራም፣ ደረቅ፣ የተሰነጣጠቀ። የጫማ ሶል በለው።

“ይሄ ስክሪን የሚሠራው ቆዳ ሲሰማው ነው” አለችው። “የአባትህ ጣት በሲሚንቶ ደንድኗል። ቀስ ብለው ቢነኩት ቀርቶ ቢደበድቡትም ስክሪኑ አይሰማቸውም! አንተ ‘አይገባውም’ እያልክ የከረምከው በዚህ ነው።”

ልጁ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

“እና… ደንቁሬ አይደለም?” አሉ አባትየው።

“ኧረ ምን በወጣዎ!”

ሦስት ታብሌት ደረደረች። “ይሄ ልጅዎ የገዛው ነው፣ ቢሮ ለሚውል ሰው አንደኛ። እስክሪብቶው ግን ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ ዋጋውም እሳት ነው። ይሄ መካከለኛው ፊልም ለማየት ጥሩ ነው፣ ፀሐይ ላይ ግን ምንም አያሳይዎትም። ሦስተኛው መልከ ጥፉ ነው… ጎማ የለበሰ፣ ወፍራም። ግን ቢወድቅ አይሰበርም፣ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ እስክሪብቶም አለው። ዋጋው የዚያኛው ግማሽ ነው፣ እቀይርላችኋለሁ።”

ልጁ ፊቱን አጨማደደ። “ይሄን ይዞ ሰው ፊት? ርካሽ ገዛለት ይሉኛል እኮ!”

“የሚሠሩበት እሳቸው ናቸው ወይስ አንተ?”

ልጁ ሦስተኛውን ታብሌት አነሳ።

የሚሠሩትን ሕንፃ ንድፍ ከፈተላቸው። አባትየው እስክሪብቶውን ይዘው ነካ አደረጉት…

ተከፈተ! አጎሉት… ጎላ! “እሰይ!” ብዬ ጮህኩ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው መቁጠር ጀመሩ።

“ይሄ ደረጃ ስህተት ነው።”

“ምን?” አለ ልጁ።

“ከወለል እስከ ወለል ሦስት ሜትር ከስድስት ሳንቲም ይላል። አንዱ ደረጃ ከፍታው አሥራ ሰባት ሳንቲም ነው። አሥራ ስምንት ደረጃ ይፈልጋል ማለት ነው። እዚህ ያለው አሥራ ስድስት! ሰዉ መጨረሻ ላይ ሊዘል ነው?”

ልጁ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ስልኩን አውጥቶ አባዛ…

ባለሱቋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። “ማን ነው ይሄን የሳለው ጉደኛ?”

ልጁ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

“እኔ ነኝ” አለ ልጁ።

አባትየው አልደነገጡም። “አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሄን ላሳይህ ነው የምታገለው። ቁጥሩ ደቀቀብኝ፣ ላጎላው ስል እምቢ አለኝ። ሳላረጋግጥ ደግሞ የልጄን ሥራ አላማም። በል ሰኞ ሰው ሳያየው አስተካክለው።”

እሱ ሰው ፊት እንዳያዋርዱት ሲፈራ… እሳቸው እሱን ከውርደት ሊያድኑት ሲታገሉ!

ልጁ ያን የደነደነ እጅ ይዞ ሳመው። “ይቅር በለኝ አባዬ…” እንባው ወረደ።

“እሺ እሺ፣ አሁን እጄን ልቀቀኝ” አሉት። “ሌላም ስህተት እንዳይኖርህ ልየው።”

ቤተሰቦች…

ለሰው ዕቃ ስትገዙ መጀመሪያ የሚይዘውን እጅ እዩ። ወላጆቻችሁ አንድ ነገር እምቢ ሲላቸው ደግሞ “አይገባቸውም” ለማለት አትቸኩሉ። ያ ጣት የደነደነው እናንተን ሲያስተምር ነው።

እስቲ በሐቅ መልሱልኝ… እናትና አባታችሁን ስልክ ስታስተምሩ ስንተኛው ጥያቄ ላይ ነው የምትቆጡት?

እኔ ሦስተኛው ላይ ነኝ፣ እናቴ ይቅር ትበለኝ። እናንተስ? 👇