ከድልድዩ ማዶ የሚሰማ ሞተር

የሹፌሩ የጭነት መኪና ስትመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ገና ድልድዩ ጋ ሳትደርስ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚለው ሞተሯ ይሰማል፤ ውሾች ይጮኻሉ። እሱ አቀበቱን ጨርሶ ግቢው ደጅ እስኪያቆማት ድረስ ሚስቱ ሻሿን አሳምራ አስራ፣ በሩን ተደግፋ ትጠብቀዋለች።

«እንኳን ደህና ገባህ» ትለዋለች። በሙቀቱም በብርዱም ያው ወፍራም ሹራቧን ነው የምትለብሰው። እሱም ጉንጯን ይስምና ገብቶ ይተኛል። የመንገድ ሰው ነው፤ ቤት ሲገባ ዓይኑ ብዙ አያይም።

የሞተሩ ድምፅ ግን እንቅልፍ ነስቶታል። መኪናዋ አሮጌ ብትሆንም ያለችው እሷ ብቻ ናት። የመጀመሪያ መኪናውን እናቱን ለማሳከም ሸጧት ነበር። እናቱም አልዳኑ፣ መኪናዋም አልተመለሰች። ከዚያ በኋላ እሱ ስንት ዓመት የሰው ጭነት በጀርባው ተሸከመ፤ ሚስቱም በየሰው ቤት ልብስ አጠበች። ይቺን እስኪገዙ ድረስ ያዩትን አበሳ እነሱ ያውቁታል። አሁን የዚችም ሞተር ነክሶ ቀጥ ካለ ተመልሰው እዚያው ናቸው።

ከየጉዞው ሲመለስ ጋራዥ ይወስዳታል። መካኒኩን ሰው ሁሉ ብሎን ነው የሚለው፤ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ የወጣለት ስም ነው። የሚስቱ አብሮ አደግ ነው። አላገባም።

«ብሎን፣ ይሄ ድምፅ ሊገለኝ ነው እኮ።»

«እርጅና ነው ባክህ። አንተስ ስትነሳ ጉልበትህ ቋ አይልም?»

«ቀልዱን ተወው። ዘይት ይሆን?»

«እንግዲያው ወፈር ያለ ዘይት ጨምርባት።»

ወፈር ያለ ዘይት ጨመረባት። ጠቅ ጠቅ። የዘይት ማጣሪያዋን ቀየረ። ጠቅ ጠቅ። ብሎን ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ይላል፣ አንድ ሁለት ነገር ይነካካል፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ «ቻላት» ይለዋል።

አንድ ጠዋት ጎረቤቱ፣ ወሬ የማያልቅባት ሴትዮ፣ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «አንተ መንገድ ስትወጣ ብሎን ከእናንተ ቤት አይጠፋም። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚጠገን ሞተር አለ እንዴ?» ብላ ሳቀች። እሱ መኪናዋ ላይ ሲወጣ ሳቋን ዋጥ አደረገችና «አይ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው! ምን አገባኝ» እያለች ገባች።

ሌላ ሰው ቢሆን ያብድ ነበር። እሱ ግን ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ የደነዘዘው መቀመጫው ብቻ አይደለም። ሰማት፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ሄደ።

ከዚያ ጉዞ ባዶውን ሲመለስ ግን መንገድ ዳር አንድ ጋራዥ አየና ጎራ ብሎ «ዘይት ነው አሉኝ» አለ። ሽማግሌው መካኒክ ረጅም ካቻቢቴ አወጡ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አደመጡ።

«ከታች አይደለም። ከታች ቢሆን ድም ድም ይል ነበር። ይሄ ከላይ ነው።»

ሞተሩን አስጠፍተው የዘይት መለኪያውን መዘዙ። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው። በሁለት ጣታቸው አሹት፤ የብረት ብናኝ የለውም። አሸተቱት፤ ነዳጅ አልገባበትም።

«ዘይቱ ጤነኛ ነው። ዘይት ነው ያለህ ማነው?»

«መካኒኬ።»

ሽማግሌው የሞተሩን የላይ ክዳን ፈትተው ቫልቮቹን አንድ በአንድ እየነካኩ ሄዱና አንዱ ላይ ቆሙ። ክፍተቱ ጥፍር ያስገባል፤ ጠቅ ጠቅ የሚለው እሱ ነው። ማሰሪያ ዳዶውን በቁልፍ ሞከሩት፤ ንቅንቅ አላለም።

«ና እይ። በራሱ ላልቶ ቢሆን ዳዶው ልል ይሆን ነበር። ዳዶው ጥብቅ፣ ክፍተቱ ሰፊ። ሰው ነው አላልቶ መልሶ ያጠበቀው።»

«ሞተሩን ሊያበላሽብኝ ነው፣ ጋሼ?»

«ኧረ! ማበላሸትማ ቢፈልግ መች ያቅተዋል? ለክቶ ነው የሠራው። እንድትጮህ ብቻ ነው የፈለገ። እንደ ከብት ቃጭል አንጠልጥሎልሃል።»

ቫልቩን ልኩ ላይ አድርገው ክዳኑን ገጠሙ። ሞተሩ ሲነሳ ጸጥ አለ፤ የገዛ መኪናው አልመስል አለችው።

መንገዱን ሙሉ አሰበው። ለከብት ቃጭል የሚታሰረው የት እንዳለች እንዲታወቅ ነው። የሱን መምጣት አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ ማነው? ከድልድዩ እስከ በሩ ያለችው ጊዜስ ምን ለማድረግ ትበቃለች? ልብስ ለመልበስ ትበቃለች። በጓሮ ሹልክ ለማለትም ትበቃለች። አሁን እናደዳለሁ ብሎ ራሱን ጠበቀ፤ አልተናደደም። እጁ ማርሽ ይቀይራል፣ ዓይኑ መንገድ ያያል፣ ሌላው አካሉ የሌላ ሰው ነው። ፈራው፣ ይሄን ዝምታውን።

ድልድዩን አለፈ። አንድም ውሻ አልጮኸም። በሩ ላይ ሚስቱ የለችም። የብሎን ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

የጎማ መፍቻውን ከወንበሩ ሥር አወጣ። ጫማውን አውልቆ ገባ። ሳሎኑ ውስጥ ሰው የለም። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ የብሎን ድምፅ ከውስጥ ይሰማል።

«እስከ መቼ ነው ግን የምንደብቀው? አንድ ቀን ማወቁ አይቀርም።»

«ተው እባክህ፣ ዛሬን እንኳ እንለፈው» አለች ሚስቱ።

ሹፌሩ መፍቻውን ወደ ላይ አነሳ። በግራ እጁ በሩን ነካው።

«አሁን ይደርሳል። እንቅልፍ ከወሰደኝ ድምፁ ድልድዩ ጋ ሲሰማ ቀስቅሰኝና እንደ ሌላው ቀን ተሸክመህ በሩ ላይ አቁመኝ፤ መታመሜን ካወቀ ይቺንም ይሸጣታል።»