ቃሬዛው ሥር

ክረምት ስለሆነ አምቡላንሱ ጭቃውን አልፎ ወደ መንደራችን ዳሪሙ ሊገባ አልቻለም። ስለዚህ ጎረቤቴን ቀነዓን በቃሬዛ ተሸክመን እስከ አስፋልቱ ልናወጣው ተነሳን። ቀፎ ሊሰቅል ከወጣበት ዛፍ ወድቆ ራሱን ስቷል። እኛ እየተጣደፍን ሚስቱ ኢብሴ፣ «ሐኪም ፊት በጭቃ እግር አይቀረብም» ብላ እግሩን ሳታጥብ አላስነሳ አለችን።

መንገዱ ቁም ስቅል ያሳያል። የደከመ ሰው ሲኖር ከኋላ ያለው ትከሻውን አስገብቶ ይቀበለዋል እንጂ ቃሬዛው አይቆምም። እኔን ደጋግሞ የተቀበለኝ አንድ ሰው ነው። «ደክሞሃል፣ አምጣ» ይለኛል። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አልመጣልህ አለኝ። ዞሮ ለማየት ደግሞ ማን ጊዜ አለው?

ከኢብሴ ጋር አምቡላንሱ ውስጥ ገብተን መቱ ሆስፒታል ደረስን። ድንገተኛ ክፍል ነርሷ ጋቢውን ገለጠችና ቆጣ አለች።

«እናቴ፣ ይሄን ሰው በእግሩ ነው እንዴ ያመጣችሁት?»

ቀነዓ እስከ ጉልበቱ እርጥብ ጭቃ ነው።

«ያ ዋቅ! አጥቤው እኮ ነው የወጣነው!» አለች ኢብሴ።

«በሉ ጋሼ፣ ወደ አልጋው እናዙረው፤ በእግሩ በኩል ያዙልኝ» አለችኝ ነርሷ።

ጎንበስ ብዬ ጭቃማ እግሩን ስጨብጥ፣ ከኋላዬ ቀነዓ፣ «ደክሞሃል፣ አምጣ» አለኝ።