ነጩ ፀጉር

ኬሚስቷ የብረት ድስቱን ብሎኖች ልትፈታ ስትል አለቃዋ «ቆዪ!» አሏት። መነጽራቸውን አስተካክለው ክዳኑ ላይ አጎነበሱ። ድስቱ ውስጥ የገባው ጋዝና ጥቂት ማፋጠኛ ዱቄት ብቻ ነው፣ የፕላስቲክ ክር እዚያው በቅሎ ይወጣል ብላቸዋለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፕላስቲክ እያቀለጡ በጠባብ ቀዳዳ ክር ሲስቡ ለኖሩት ሰው ይህ የሚዋጥ ወሬ አልነበረም። ስለዚህ ትናንት እሷ ከወጣች በኋላ፣ ከገበያ የመጣ ክር ሾልኮ ቢገባ እንዲያውቁ፣ ከራሳቸው አንድ ነጭ ፀጉር ነቅለው በክዳኑና በድስቱ መጋጠሚያ ላይ በሙጫ ለጥፈው ነበር።

ፀጉሩ አልተበጠሰም። «እሺ፣ ክፈቺው» አሉ ቅር እያላቸው።

ክዳኑ ሲነሳ ፀጉሩ ተበጠሰ። ድስቱ ውስጥ፣ ዱቄቱ በነበረበት ቦታ፣ ነጭ ክር እንደ ሻጋታ ተንጨፍርሮ በቅሏል። አለቃው አንዱን በመቆንጠጫ ይዘው ሳቡት፤ ተሳበ፣ ተሳበ፣ አልበጠስ አለ። እጅጌዋን አዩ። ከጠረጴዛው ሥር አዩ።

«ጋዙ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ጋዙ ነው፣ ጋሼ።»

የሚይዙት የሚጨብጡት ሲያጡ ክዳኑን ገልብጠው ጠርዙን ዳሰሱ። ከነጩ ፀጉር ትይዩ ሌላ አሁን የተበጠሰ ፀጉር ተንጠልጥሏል፤ ረጅም፣ ጥቁር። ቀና ብለው አዩዋት።

«ሥራዬን የሚያበላሽ ሰው እንዳይከፍተው፣ ትናንት ዘግቼ ስወጣ የለጠፍኩት ነው» አለች ዓይኗን ሳትሰብር። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»