ለብ ያለ ውሃ

የአቶ ደምሰው እግር በስኳር በሽታ ከደነዘዘ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ምስማር ቢረግጡ እንኳ የሚያውቁት ደሙን ሲያዩ ነበር። ዱከም ያሉት ቻይናዊ ሐኪም ግን በቀጫጭን መርፌዎቻቸው የአንዱን ሰው ስሜት ወደ ሌላው ያሻግራሉ። ባለፈው ሳምንት የአቶ ደምሰው ልጅ ጥሩወርቅ የሁለት እጆቿን ስሜት ለአባቷ ሰጠች። ሐኪሙ "አንዴ ከሰጠሽ አይመለስም" ብለዋት ነበር፤ ፈረመች።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ለእግር መዘፍዘፊያ ያዘዙትን ሥር አፈላች። ሳፋው ላይ ገልብጣ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመረችበትና እንደ ልማዷ እጇን ነከር አደረገች። ምንም አልተሰማትም። ካልፈጀኝማ ለብ ብሏል ማለት ነው ብላ ሳፋውን አቀረበችላቸው።

አቶ ደምሰው እግራቸውን ከተው ወዲያው መለሱት።

"አቃጠለኝ" አሉ፤ ሳቁ፤ ሳቃቸውም ወደ ልቅሶ ዞረ። "አቃጠለኝ እኮ ልጄ። ተመስገን።"

"እሰይ፣ አባዬ" አለች ጥሩወርቅ፣ እጇን ቁልቁል እያየች። እስከ አንጓዋ ድረስ ቀልቷል።

እሳቸው ዓይናቸው እንባ ስለሞላ መቅላቱን አላዩም። እጇን ሳብ አድርገው መዳፏን ደጋግመው ሳሙት። መሳማቸውን ያወቀችው እያየች ስለነበረ ብቻ ነው።