የአልማዜ ጭረቶች

«እምቢ አለኝ፣ እትዬ!» የመዘምራን መሪው ገመቹ ከቦንጋ በስልክ ይጮኻል። «መመሪያው ላይ ያለውን ትዕዛዝ እንዳለ ገልብጬ ነው የለጠፍኩት። ኮምፒውተሩ ‘አላውቀውም’ ይለኛል።»

እትዬ አልማዜ ስልኩን ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ዳንኤልን ተመለከቱት። ከአየር ጤና ቤቴል ድረስ በታክሲ ያስመጡት ለዚሁ ነው። ጋሽ ነገሬ ትናንት አርፈዋል፤ ቀብራቸው ነገ እዚያው ቦንጋ ነው። ኮልፌ ሳሉ የደረሱትን መዝሙር መዘምራኑ ሊዘምሩላቸው ፈልገዋል፤ ከመጀመሪያው አንቀጽ በቀር ግን የሚያስታውሰው ሰው ጠፋ። ግጥሙ የቀረው ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በድሮ ፎንት በተጻፈ አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ያ ፋይል በዛሬ ኮምፒውተር ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተበተነበት ገጽ ብቻ ነው የሚታየው።

ያንን ወደ አማርኛ የሚመልሰውን ትንሽ ፕሮግራም የሠራው ዳንኤል ነው። የአጠቃቀም መመሪያውን የጻፉት ደግሞ እትዬ አልማዜ።

«ፋይሉን ላክልኝና እኔ ልቀይረው» አለ ዳንኤል።

«በምን ልላክ ወንድሜ? ኢንተርኔት ከጠፋ ሦስት ቀኑ። ድምፅ እንኳ የሚሰማው ጉብታው ላይ ሲወጣ ነው። ላፕቶፑንም መዘምራኑንም ይዤ ጉብታው ላይ ነኝ።»

ዳንኤል የራሱን ላፕቶፕ ከፈተ። መመሪያው የሚወጣበትን ምንጭ ፋይል ገና እንዳየው ገባው። እትዬ አልማዜ በየትዕዛዙ ውስጥ ካለችው ከእያንዳንዷ ጭረት በፊት ባክስላሽ የምትባለውን ያጋደለች መስመር ያስቀምጡ ነበር። መቶ ጭረት፣ መቶ ባክስላሽ። አምና ፋይሉን ሲያጸዳ የድሮ ሰው ልማድ መስሎት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጠርጎ አጠፋቸው። ገጹ ሲቀልለት ደስ ብሎት እንደነበር ሳይቀር ትዝ አለው።

«እትዬ... እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ባክስላሾቼን?»

«ሁሉንም።»

አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ጦር ኃይሎች ሳለን ነግሬህ ነበርኮ» አሉ።

ነግረውት ነበር። ከልብስ ሰፊዎች ሱቅ በላይ የነበረችው የሥራ ክፍላቸው መጣችለት፦ ሁለት ኮምፒውተር፣ በጫማ ካርቶን የተደረደሩ ዲስኬቶች፣ ከታች የታክሲ ረዳቶች ጩኸት። እትዬ አልማዜ ያኔ ፀጉራቸው ጥቁር ነበር። የታተመ ወረቀት መስኮቱ ላይ ለጥፈው ሁለት ጭረቶችን በእርሳስ ከበቡለት። ባክስላሽ ያላት ኪቦርዱ ላይ ያለችዋ ጭረት ሆና ትወጣለች፤ የሌላት ግን ለዓይን በምታምር ሌላ ጭረት ትተካለች፣ ማሽኑም አያውቃትም። «ለሚያነብ ሰው አንድ ናቸው፤ ገልብጦ ለሚለጥፍ ግን አይደሉም» አሉት። ዳንኤል ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሆዱ ደግሞ ፓስቲ ፓስቲ ይለዋል። «እሺ እሺ» ብሎ ደረጃውን ሮጦ ወረደ። መለስ ብሎ ወረቀቱን አላየውም።

እትዬ አልማዜ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ገመቹ፣ የለጠፍከውን አጥፋው። አሁን በጣትህ ትጽፋለህ። ጭረቷን ከዜሮ ቀጥሎ ካለችው ቁልፍ ውሰድ። ዝግጁ ነህ?»

አንድ በአንድ ነገሩት። ከወዲያ የሚሰማው የነፋስ ድምፅ ብቻ ሆነ።

«ወጣ!» አለ ገመቹ። «እትዬ፣ አማርኛ ሆነ! ልጆች፣ ኑ እዩ!»

ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። እትዬ አልማዜ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ገለጡት።

«መንገዱ ጨለመ፣ ቤቴም ሩቅ ሰፈር፤
ደክሞኛል ጌታ ሆይ፣ በእጅህ ልደር።»

«በደጅህ ነበር» አሉ ለዳንኤል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያኔ ፋይሉን ስጽፍ የጋሽ ነገሬን የእጅ ጽሕፈት በትክክል አላነበብኩትም። ‘በደጅህ ልደር’ ያሉትን ‘በእጅህ’ ብዬ ጻፍኩት። በሳምንቱ ሳየው ደነገጥኩና ቤታቸው ሄድኩ። ‘ልጄ፣ አይቼዋለሁ’ አሉኝ። ‘እኔ ደጁን ብቻ ነበር የለመንኩት፤ ያንቺዋ እጁን ለመነች። ተያት።’»

«እስከ ዛሬ ለማንም አልነገሩም?»

«ለማን ብዬ?»

«እትዬ?» አለ ገመቹ። «ግጥሙን እየገለበጥን ነው። የሚስተካከል ነገር ካለ አሁን ይንገሩኝ፤ መስመሩ ሊቆረጥ ይችላል።»

ዳንኤል አያቸው። ለአንዲት ጭረት ርዝመት ገጹን በሙሉ ደግመው ያሳትሙ የነበሩ ሴት ናቸው።

«የለም» አሉ። «እንዳለ ዘምሩት።»

ጉብታው ላይ አንዲት ሴት ጀመረች፤ ሌሎቹ ዜማውን እየፈለጉ ተከተሏት። ሁለተኛውን አንቀጽ አልፈው ሦስተኛው ውስጥ ገቡ። ‘ደክሞኛል ጌታ ሆይ’ ላይ ሲደርሱ ስልኩ ተቋረጠ። ዳንኤል መልሶ ሊደውል እጁን ሰደደ፤ ግን ተወው። በዝምታው መሐል እትዬ አልማዜ፣ በቀጭኑ የሶፕራኖ ድምፃቸው፣ የቀሩትን ሁለት ቃላት፣ ‘በእጅህ ልደር’ን፣ ብቻቸውን ዘመሩ።