የቅዳሜ ጭነት

ልብስ ሰፊዋ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው ሰውየው የመኪና ጎማ መቀየር ባማረው ሰሞን ነው።

ባሏ የመነጽር ባለሙያ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ አምፖል እንኳ የምትቀይረው እሷ ነች። እሱ ሚስማር ሲመታ ሚስማሩ ሳይሆን ጣቱ ነው የሚገባው። ይህ ሰው ታዲያ ከሥራ እንደተመለሰ ወገቡን ሳያሳርፍ ወደ ጓሮ ይሄድ ጀመር። እዚያ የእናቷ አሮጌ መኪና ሸራ ለብሳ ቆማ ከርማለች። ሸራውን ገፈፈ፤ ባትሪ ገዛ፤ ሞተሩን አስጠገነ። ምን አስበህ ነው ብትለው፣ ንብረት ዝጎ ከሚቀር ብዬ ነው አለና አንገቱን ደፋ።

የስፌት ክፍሏ ፊቱን ለመንገዱ ስለሰጠ ጓሮው አይታያትም። የባሏ ድምፅ ግን በኮሪደሩ ዞሮ ይደርሳታል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ማቆም፤ የእጅ ፍሬን መሳብ፤ ጎማ ሥር ታኮ ማስገባት። ብሎኖቹን ጎማው መሬት እንደረገጠ ማላላት፤ ክሪኩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲያጠብቁም አንዱን፣ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ ያለውን እንጂ ጎን ለጎኑን አይደለም። ነገ እንደሚፈተን ተማሪ ጮክ ብሎ ይደጋግመዋል። ራት ሲቀርብ ደግሞ ጥፍሩ እንደ ሙሽራ ጥፍር የጸዳ ነው።

ለማን ነው እንዲህ የሚጸዳው? አለች በልቧ።

ነገሩን ለእናቷ አዋየቻት። እናቷ ጉልበቷን ከታከመች ወዲህ የምትኖረው ከእነሱ ጋር ነው። ልጅቱም እንደ እንቁላል ነው የምትይዛት። ማንቆርቆሪያ አታነሳም፤ ደረጃ ያለ ደጋፊ አትወርድም፤ መንዳቱም ከሕመሙ ጋር አብሮ ቀርቷል። ዓምና አንድ ቀን ብቻዬን ገበያ ልውጣ ብትል ግማሽ ቀን ተነታርከውበታል።

እናቷ ሰምታ ስታበቃ፣ ወንድ ልጅ እጁ ሥራ ከፈታ ክፉ ያስባል፤ ተይው ይነካካ አለች። ከዚያም የያዘችውን ቀሚስ አቀብላት ከታች እንድታሳጥርላት ለመነቻት። እግሬን ይጠላልፈኛል ነው ምክንያቷ። ልብስ ሰፊዋም፣ እኔ ስለ ትዳሬ አወራታለሁ እሷ ስለ ቀሚሷ፣ ብላ መርፌዋን አነሳች።

ከእናቷ ያጣችውን ምክር ከጎረቤት ፈለገች። ከስፌት ክፍሏ አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሰዓት ሠሪ ሚስታቸው ከሞተች የቆዩ፣ ሥራቸውም ንግግራቸውም ቀስ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ኮት እያሰፉ ስለነበር ሊለኩ ሲገቡ፣ ትከሻቸውን እየለካች ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። ሽማግሌው ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። በሰው ጉዳይ እንዲህ የሚያፍሩ ሰው አይታ አታውቅም።

«መሄድ የቆረጠን ሰው አስሮ ማቆየት አይቻልም፣ የኔ ልጅ» አሉና ኮቱን በመርፌ እንደተያያዘ ለብሰውት ሊወጡ ሲሉ እጅጌያቸውን ይዛ መለሰቻቸው።

ዓርብ ዕለት መኪናዋ ጣሪያ ላይ ፖርቶመጋላ ተገጠመ። ድምፁም እንደገና በኮሪደሩ መጣ። ከባዱ ዕቃ ውስጥ፣ ቀላሉ ላይ። ክብደቱን ወደ መሐል መሰብሰብ፤ ገመዱን አመሳቅሎ ማሰር፤ ትርፍ ጫፉን እንዳይውለበለብ መሸጎጥ። ከዚያ ባሏ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሷም ጥልፉን ትታ ጆሮዋን ሰጠች።

«መጀመሪያ መቆጣቷ አይቀርም፤ ኋላ ይበርድላታል። ዋናው ነገር፣ ጥቂት እንደተነዳ ወርዶ ገመዱን መልሶ ማጥበቅ ነው።»

በስልክ መሆኑ ነው። የደረቀ ልብስ ላንሳ ብላ ወደ ጓሮ ስትወጣም ባሏ ብቻውን ጭነቱን ሽቅብ እያየ ቆሟል። የሸራውን ጠርዝ ገለብ አደረገችው። የሁለት ሰው ፍራሽ።

ባሏ የወዳጅ ዕቃ ነው አላት። ወደ ክፍሏ ተመልሳ፣ ለቅሶዋ እንዳይሰማ የስፌት መኪናዋን ባዶውን እየረገጠች አለቀሰች። አብረው የኖሩት ዘመን ሁሉ በፊቷ አለፈ። ይህ ሰው ክፉ ቃል እንኳ ተናግሯት አያውቅም። ምን አጎደልኩበት? ደግሞ በእናቴ መኪና!

ቅዳሜ ጠዋት ስትነቃ አልጋው በባሏ በኩል ቀዝቅዟል። ከውጭ የሞተር ድምፅ ይሰማል።

ሻርፗን በግልባጩ ጣል አድርጋ በባዶ እግሯ ሮጠች። ደጃፍ ስትደርስ መኪናዋ ጭነቷን ተሸክማ በግቢው በር የኋሊት ወጥታለች፤ ግራም ቀኝም ሳትነካ፣ ባንድ ጊዜ። ባሏ እንዲህ መንዳት የቻለው መቼ ነው?

«ቁም!»

መኪናዋ ቆመች። የጠዋት ፀሐይ መስታወቱ ላይ ስለምታንጸባርቅ ውስጡ አይታይም። ልብስ ሰፊዋ ወደ ሾፌሩ አልሄደችም። እሱን ኋላ ታገኘዋለች። በወዲህኛው በኩል ዞራ፣ ያቺን ሴት በጸጉሯ ጎትታ ልታወርድ በሩን በረገደችው።

ሰዓት ሠሪው ናቸው። ደረታቸው ላይ ነጭ አበባ ሰክተው ጫማ ጫማቸውን ያያሉ።

«ልጄ፣ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊልን፤ ጎማ መቀየር ያስተማረኝን ባልሽንም ከግቢው በር ሥር በፒጃማ ቆሞ ብርድ ሳይመታው አስገቢው» አለች እናቷ፣ መሪውን እንደያዘች።