ከላይ የተጻፈው መስመር

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ አዲሷ ቴክኒሻን የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘውን ስዊች ሕጎች ስታይ ክው አለች። ስዊቹ የሚያልፈውን ፓኬት የሚሉትን የመረጃ እሽግ ሁሉ ግንባሩ ላይ ያለውን አድራሻ አይቶ ከሕጎቹ ጋር ከላይ ጀምሮ ያስተያያል፤ አንዱ ከገጠመው የታቹን አያነብም። እሷ ደግሞ ጠዋት «ሁሉም እኩል ይለፍ» የሚለውን አናት ላይ ጽፋ፣ «የራጅ ምስል ይቅደም» የሚለውን ከሥር ቀብራዋለች። ለካ ቀዶ ሐኪሙ በሽተኛውን አስተኝቶ ምስል ሲጠብቅ የቆየው በሷ ጥፋት ነው።

ቀስ ብላ ሁለቱን መስመሮች አቀያየረቻቸው፤ ምስሉ ወዲያው ደረሰ። አለቃዋ ደወሉ። «ጎበዝ የኔ ልጅ። ያ ዝንጉ ባልደረባሽ ነው አይደል ያበላሸው?»

ስልኩን በመዳፏ ሸፍና አጠገቧ ወደተቀመጠችው ጓደኛዋ ዞረች። «የሙከራ ጊዜዬ አርብ ነው የሚያልቀው፤ ዝም ልበል እንዴ?»

ጓደኛዋ ቃል በቃል ያለቻት ይኸው፦ «ንገሪያቸው። ካባረሩሽ ምሳ በኔ ነው።»